ሊቀ ነጥብና የማክሰኞ ወንበር

ቤት ፈላጊ በተሰለፈበት ሁሉ አንድ አዋቂ አይጠፋም። ሹሙ ይቀየራል፣ ፎርሙ ከነጭ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ አዋቂው ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የማን ማመልከቻ የት እንደደረሰ ከቢሮው ቀድሞ ያውቃል። አንዲት ቤት ፈላጊ ልብስ ሰፊን የገጠሟት አዋቂ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ነበሩ። በማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር፣ ከመስኮት ቁጥር ሦስት ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰየማሉ። ሰዉ «ሊቀ ነጥብ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውታል።

ማዘጋጃ ቤቱ ቤት የሚሰጠው በነጥብ ነው። ለተጠበቀው ዓመት አንድ አንድ፣ በአንድ ክፍል ለታጨቀ ሰው በነፍስ ወከፍ ሦስት፣ ሐኪም ለፈረመበት ሕመም አራት፣ ተቆጣጣሪ በዓይኑ ላየው የግድግዳ እርጥበት ሁለት። ልብስ ሰፊዋ ከባሏ፣ ከአማቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር በአንዲት ክፍል እየኖረች ዘጠኝ ዓመት ጠብቃለች። ስድስት ሰው፣ ዘጠኝ ዓመት፣ የአማቷ ጉልበት፤ ሲደመር ሠላሳ አንድ ነጥብ። ሊቀ ነጥብ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ሲኖሩ ሃያ ዓመት ስለጠበቁ ሠላሳ ሁለት ነበራቸው።

ያቺ አንዲት ነጥብ እንቅልፍ ነሳቻት። ሌላው ሰው በጎረቤቱ መኪና ይቀናል፤ እሷ የቀናችው በሽማግሌው ሳል ነበር። ምን ዓይነት ሳል ነው! ሐኪም የፈረመበት፣ ማኅተም ያረፈበት፣ አራት ነጥብ የሚያወጣ። ባሏም እኮ ሌት ተቀን ይስላል፤ ሐኪሙ ግን «ጉንፋን ነው» ብሎ መለሰው። የማይረባ ባል!

በእርጥበታቸውም ቀንታለች። የእሳቸው እርጥበት በሩ ሲከፈት ፊት ለፊት ይታያል። የእሷ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ተደብቋል። ተቆጣጣሪው ሲመጣ «ቁምሳጥኑን አንሡትና ልየው» አለ። ቢነሣ ደግሞ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። «እንግዲያው አላየሁም» ብሎ ጽፎ ሄደ። ክፍሏ ስለጠበበች ሁለት ነጥብ አጣች።

ከሁሉ የሚያናድዳት ውለታቸው ነበር። ፎርሟ ላይ አማቷን አላስገባቻቸውም ነበር፤ አማቷ «እኔ እንግዳ ነኝ፣ በቤታችሁ አትቁጠሩኝ» እያሉ ሰባት ዓመት ተቀምጠዋል። ሊቀ ነጥብ ይህን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰባት ዓመት የተቀመጠ ምን እንግዳ ነው? ጻፊያቸው! ጉልበታቸውንም ጻፊ! ነጥብ ነጥብ ነው።»

በአንድ ጊዜ ሰባት ነጥብ ጨመሩላት። አመሰግናለሁ አለች፤ በልቧ ግን በቀጥ ያለው የእጅ ጽሑፋቸው ቀናች።

ከዚያ በሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ክፍልና የራሱ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተለቀቀ። ቁልፉ ለማን እንደሆነ ኮሪደሩ ሁሉ ያውቃል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ሽማግሌው በእሷ ወጥ ቤት ውስጥ ሲስሉ እየታያት ሱሪውን ሁሉ አጣማ ሰፋች። በመጨረሻም ተንበርክካ ከሳላቸው እንዲፈውሳቸው ፈጣሪን ለመነች። ለጤናቸው አስባ እንዳልሆነ እሷም ፈጣሪዋም ያውቃሉ።

ማክሰኞ ዕለት መስኮት ሦስት ላይ ከኋላቸው ቆማ ነበር።

«ልጄ አግብታ ወጥታለች። ሰርዛት» አሉት ጸሐፊውን።

ጸሐፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ ማን ጠየቀዎት? ዝርዝሩ እኮ ነገ ይለጠፋል። ዝም ይበሉ።»

«ሃያ ዓመት የሰው ፎርም ሳቃና ኖሬ የራሴን ላጣምም? ሰርዝ! ነጥብ ነጥብ ነው።»

ሦስት ነጥብ ወደቀ። ሃያ ዘጠኝ ሆኑ። ሲዞሩ ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፍታ አገኟት።

«ምን ያፈዝሻል? ሊፍቱ መሥራቱን ሳታዪ እንዳትፈርሚ፤ የአማትሽ ጉልበት አለ» ብለዋት እየሳሉ ሄዱ። ያን ሳል መስማት ለመጀመሪያ ጊዜ አስጨነቃት።

ቤቱን ገባችበት። ቁምሳጥኑ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ቆመ፣ አማቷም የራሳቸውን በር ዘግተው ተኙ። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ግን እግሯ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወሰዳት። እጇ ላይ ለሳላቸው የሰፋችው ወፍራም የአንገት ልብስ ነበር።

እሷ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ላይ አንዲት ልብስ አጣቢ ፎርም ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። የሊቀ ነጥብ እስክሪብቶ በፎርሙ ላይ ይመላለሳል።

«ጋሼ፣ እንደምን ነዎት?»

ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ቤት አግኝተሽ የለም እንዴ? ይህ ወንበር ለጠባቂዎች ነው» አሉና የአንገት ልብሱን ተቀብለው ጠመጠሙት። ከዚያ ወደ ልብስ አጣቢዋ ዞረው «እህትሽንም ጻፊያት እንጂ! ነጥብ ነጥብ ነው» አሏት።

ልብስ ሰፊዋ ቁልፏን በኪሷ ጨብጣ ቆመች። ሁለት መኝታ ክፍልና የራሷ ወጥ ቤት ያላት ሴት፣ በአንድ ክንድ የእንጨት ወንበር በቅናት አረረች።