ድፍኑ ጋሼ ወልደማርያም

ቀጥተኛ መልስ ከአፉ ከሚወጣ ጥርሱ ቢወልቅ የሚመርጥ ሰው ከየትም ከተማ አይጠፋም። በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ለሸዋ ሮቢት የደረሷት እንዲህ ያለ ሰው፣ ልብስ ሰፊው ጋሼ ወልደማርያም ነበሩ።

ባለ ሻይ ቤቷ ንግሥት ደጇ ከስፌት መኪናቸው ትይዩ ስለነበር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ችላቸዋለች። «ጋሼ፣ የደሴው አውቶቡስ አለፈ?» ስትላቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «እንግዲህ መኪናማ መቼ ይጠፋል» ይላሉ። «ሱሪዬ መቼ ይደርሳል?» ላለ ደንበኛ መልሳቸው «መድረሱማ አይቀርም» ነው።

የማሽላ ነጋዴው ቃሲም አንድ ቀን ጤናቸውን ቢጠይቃቸው፣ «በድፍኑ ደህና ነኝ» አሉት።

«ታዲያ የቱ ጋ ነው ያመመዎት?»

«በድፍኑ» አሉ ደግመው።

ከዚያ ወዲህ ስማቸው ድፍኑ ጋሼ ሆነ። «ድፍን ምስር አለ፣ ድፍን ቅል አለ፣ ድፍን አገር አለ» ይላል ቃሲም ሲያብራራ። «ውስጡ የማይታይ ድፍን ሰው ግን ወላሂ የእኛው ብቻ ነው።»

ንግሥትን ይህ አያስቃትም። ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጅ የምታሳድግ ሴት ስለሆነች፣ ቁርጥ ያለ ነገር የሚነግራት ሰው ትሻለች። የሟች ባሏ ወንድም ወርቁ፣ የአሥራ አራት ዓመቷን አስካለን ለአንድ የቀወት ባለመሬት ሊድራት ቃል ሲሰጥ፣ እያለቀሰች ሄዳ፣ «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለቻቸው።

«ያው ሁሉም እንደ ሁኔታው ነው» አሏት።

ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሳቻቸው።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ንግሥት ልጇን በማለዳ ጭነት መኪና ላይ አሳፍራ፣ ደብረ ብርሃን ወዳለችው እህቷ ሰደደቻት። ጋሼ ወልደማርያም ቀና ብለው አዩና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ንግሥት ማየታቸውን ስታይ እንዳይናገሩባት ፈራች።

ረፋዱ ላይ ወርቁ ጠመንጃ ከያዙ ሦስት ሰዎች ጋር መጣ። እናትየውን ትዋሻለች ብሎ አለፋትና፣ መንገዱን ሲያዩ ወደሚውሉት ልብስ ሰፊ ሄደ።

«ጋሼ፣ ልጅቷን አዩዋት?»

«ከዚህ መንገድ ላይ ልጅ መቼ ይታጣል።»

«አስካለን ነው የምልዎት። በየት በኩል ሄደች?»

«መንገዱ እንግዲህ ያው ነው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች።»

አንደኛው ሰውዬ አፈሙዙን ስፌት መኪናው ላይ አሳረፈ። ጋሼ ወልደማርያም ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሾለኩ።

«አጣዬ ዛሬ ገበያ ነው» አሉ።

ያሉት ይህንኑ ነው፤ ውሸት የለበትም። አራቱ ሰዎች ከደብረ ብርሃን በተቃራኒ ወዳለችው አጣዬ ሄደው የገበያተኛውን ፊት አንድ በአንድ ሲያዩ ዋሉ። ጭነት መኪናው ያን ጊዜ ጣርማ በርን አልፎ ነበር።

ከወር በኋላ አስካለ ትምህርት ቤት መግባቷን የሚናገር ደብዳቤ ደረሰ። ንግሥት ይዛው መንገዱን ተሻገረች።

«ጋሼ፣ ስንት ቀን በሆዴ ተቀይሜዎታለሁ። ልጄን ያተረፉልኝ አንቱ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።»

ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አጥፈው ሲመልሱላት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«እህቴ በአስካለ ዕድሜ ሊድሯት ሲሉ ከጎተራ ሥር ተደብቃ ነበር» አሉ። «የት እንዳለች ሲጠይቁኝ በጣቴ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።»

ንግሥት በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ደንበኞቿ ከማዶ ደጋግመው ቢጠሯትም አልተነሣችም።