ሊቀ መስታወት ያላሳዩት መስታወት

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሰው ማየት የማይፈልገውን ነገር ካላሳየ ምሳው የማይወርድለት አንድ ሰው አይጠፋም። በጤና ጣቢያው ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የላቦራቶሪው አዛውንት ነበሩ። ሠራተኛው ሁሉ በሌሉበት «ሊቀ መስታወት» ይላቸዋል። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሹመቱ አልከፋቸውም።

የመዝገብ ክፍሏን ሴትዮ ከላቦራቶሪው የሚለያት አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ስለዚህ መከራው ቀድሞ የሚደርሰው እሷ ዘንድ ነው። ግድግዳው ሁለቴ ይንኳኳል፤ ቀጥሎ «ነይ እስኪ፣ ጉድሽን እዪ» የሚል ድምፅ ይመጣል። እምቢ ማለት አታውቅበትም። የያዘችውን ካርድ አስቀምጣ፣ ሹራቧን ሰብስባ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከአበባ ማስቀመጫዋ የሰነበተ ውሃ ወስደው፣ አንዲት ጠብታ ስላይድ በሚሉት የመስታወት ቁራጭ ላይ አኑረው ጠበቋት። ስስ የመስታወት ክዳኑን በአንድ ጎኑ አስደግፈው፣ አየር እንዳይገባበት ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አጋደሙት። ጎንበስ ብላ በማይክሮስኮፑ ብታይ፣ ደወል የመሰለ ነገር በፀጉሩ እየቀዘፈ ወደ ዓይኗ መጣ። ወደ ኋላ ስትል ወንበር ገለበጠች። ሌላ ቀን የጉንጯን ውስጥ በጥጥ ጠርገው፣ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርገው፣ አፏ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር አሳዩዋት፤ ሳምንት ሙሉ ጥርሷን በቀን አምስት ጊዜ ቦረሸች። የጠረጴዛዋን አቧራ ያሳዩዋት ዕለት ደግሞ ቤቷ ሄዳ ትራሶቹን ሁሉ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ለባሏ ምክንያቱን አልነገረችውም፤ እሱ እንኳ ደህና ይተኛ ብላ።

ሊቀ መስታወት ደግሞ አይሳሳቱም። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን እንዳልተሳሳቱ ማንም ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ። አብራቸው የምትሠራውን ባለሙያ፣ ከስድስት ዓመት በፊት አንድ የቀለም ጠርሙስ አምልጧት ስለነበር፣ እስከ ዛሬ «ቀለም ደፊዋ» ይሏታል። የሷን ሥራ ደግመው ያያሉ፤ የሳቸውን ግን ሰው እንዲያይባቸው አይወዱም።

ታዲያ የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ ታመመች። አምስት ቀን ሙሉ አተኮሳት፣ ጉልበቷ ከዳት። ሐኪሙ ወባ እንዳይሆን ብሎ ደሟ እንዲመረመር አዘዘ። ሊቀ መስታወት ራሳቸው ጣቷን ወጉ፣ ጠብታዋን በሌላ ስላይድ ጠርዝ ሳብ አድርገው ስስ አድርገው ቀቡ፣ አደረቁ፣ ቀለም አፈሰሱበት። እሷም ክፍሏ ገብታ ግድግዳው እስኪንኳኳ ጠበቀች።

ግድግዳው አልተንኳኳም።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። የአበባ ውሃ ሳይቀር ያሳዩዋት ሰው የገዛ ደሟን ደበቋት። ከትኩሳቱ ይልቅ ያ ዝምታ አንዘፈዘፋት። ከልጆቿ ለየትኛዋ ቀድማ እንደምትነግራት አሰበች፤ ትልቋ ታለቅሳለች፣ ትንሿ ትቆጣለች። መጨረሻ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች።

ያየችው ነገር ክው አደረጋት። ቀለም ደፊዋ በሊቀ መስታወት ወንበር ላይ ተቀምጣ ማይክሮስኮፑን ታያለች። እሳቸው ከኋላዋ እንደ ተማሪ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«እያንዳንዱ ሕዋስ ላይ የወባ ነጥብ አለ» አሉ፣ ድምፃቸው እየሰለለ። «ይሄን ያህል ያየሁበት ሰው ሦስት ቀን አልቆየም። ልጄ፣ ተሳስተዋል በይኝ።»

ሴትዮዋ የበሩን መቃን ያዘች። ከሞቷና ከዚህ ቃል የቱ የበለጠ እንዳስደነገጣት እሷም አላወቀችም።

ባለሙያዋ የማይክሮስኮፑን ማስተካከያ በጣቷ ጫፍ ወዲህ ወዲያ እያዞረች ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው፤ ነጥቡ ሲጠራ ሕዋሱ ይደበዝዛል፣ ሕዋሱ ሲጠራ ነጥቡ ይጠፋል። ነጥቦቹ ውስጥ የገቡ ሳይሆኑ ላይ ላዩን የተኙ የቀለም ዝቃጭ ናቸው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ቀለሙን አጥልለውታል?»

አላጠለሉትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት ቀለሙን በወረቀት ሳያጠልሉ ሥራ ጀምረው የማያውቁት ሰው፣ ያን ዕለት ገና በማለዳ በመጣው ማዘዣ ላይ የማን ስም እንደተጻፈ ሲያዩ ቸኩለው ረሱት።

ባለሙያዋ አዲስ ስላይድ አዘጋጀች፤ ደሟ ንጹህ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙም ጉሮሮዋን አይቶ፣ ትኩሳቱ የመጣው ከዚያ ነው ብሎ መድኃኒት ጻፈላት።

ሊቀ መስታወት በዚያ ቀን አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ ብለን ብንገምት ማን ይፈርድብናል? እሳቸው ግን በየክፍሉ እየዞሩ ሰው መጥራት ያዙ። ሐኪሙን፣ ነርሶቹን፣ ዘበኛውን፣ ጥርሱን ሊያስነቅል የመጣውን ሽማግሌ ሳይቀር አሰልፈው የተሳሳቱበትን ስላይድ አሳዩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ቀለም ደፊዋ አይደለችም፣ ይሉ ነበር፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በርቶ።

በሰልፉ መጨረሻ የመዝገብ ክፍሏ ሴትዮ ደረሰች። ጎንበስ ብላ አየች። ሐምራዊ ነጠብጣብ እንደ ዝናብ ፈስሷል፤ ከሥሩ ፈዛዛ ክቦች ተጠጋግተው ተኝተዋል። የትኛው የቱ እንደሆነ ግራ ገብቷት ጠየቀቻቸው።

«ነጥቡ የኔ ነው» አሉ በመሐረባቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሌላው ሁሉ ያንቺ ነው።»