ጽዋው ለአያ ደምሴ የደረሰ ጊዜ

እናንተዬ፣ ዘንድሮ ክርስቲያን መሆን እንዴት ቀሏል! ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሚኒባስ ብትሳፈሩ የፊት መስታወቱ ላይ ቅዱስ ገብርኤል፣ የኋላው ላይ ቅድስት አርሴማ ተለጥፈው ታገኛላችሁ። ሾፌሩ መንገድ የዘጋበትን ሰው አባትና እናት እየጠራ ሙልጭ አድርጎ ሲሳደብ ሁለቱም ምን እንደሚሉ እግዜር ይወቅ። አጠገቤ የሚቀመጠው ጎልማሳ ስልኩ ሲጠራ መዝሙር ነው፤ ሲያነሣው ግን ገና ከመሐል ሜዳ ሳንወጣ «ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ» ይላል። እኔ ፈራጅ አይደለሁም። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ደግሞ መፍረዱን ትቶ ለሚፈረድበት ቢዘጋጅ ይሻለዋል። ብቻ «ክርስቲያን ነኝ» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር አያ ደምሴ ትዝ ይሉኛል። አያ ደምሴ ባንዳ ነበሩ።

ቆዩ፣ አትቆጡ።

ነገሩ የጣሊያን ጊዜ ነው። በእኛ መንደር ማኅበር የሌለው ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም ነበር። በየወሩ በሚካኤል ዕለት ባለተራው ቤት እንሰበሰባለን፤ አባ ገብረ ሕይወት ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፤ የገብሱ ጠላ በማኅበሩ ጽዋ ይዞራል፤ ሲያበቃም ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በእልልታ ወደ ሚቀጥለው ባለተራ ቤት ይሄዳል። አባት ሲሞት ቦታው ለልጁ ነው። የእኔ አባት ጣሊያን የገባ ዓመት ስለ ወደቀ፣ የማኅበር ቦታውንም ጠመንጃውንም አንድ ላይ ወረስኩና ቆላ ወርጄ ከአርበኞች ገባሁ። ሚካኤል ሲደርስ ግን ጠመንጃዬን ለጓደኛዬ አደራ ሰጥቼ ወደ ደጋው እወጣለሁ። በረሃ የገባ ሰው ማኅበሩን ይተው የሚል ሥርዓት አባቶቻችን አልተዉልንማ!

ያ ዘመን የሚናፈቅ ዘመን አይደለም፤ ረኃብ ነበር፣ ለቅሶ ነበር፣ ቤት ይቃጠል ነበር። ይናፍቀኛል ግን። በዚያ ብርድ የበግ ፀጉር ባናችንን ተከናንበን ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ስንቀመጥ፣ ዘግይቶ ለሚገባ ሰው ሁሉም ጠጋ ጠጋ ሲል፣ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የትኩሱ ዳቦ ሽታ ይመጣብኛል። አሁን ያ ሁሉ ሰው የለም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

አያ ደምሴ የአባቴ እኩያ፣ ሳቂታ ሰው ነበሩ። ጣሊያን መሐል ሜዳ ላይ ምሽግ ሠርቶ የመንደራችንን ጭቃ ሹምነት ሲሰጣቸው ተቀበሉ። «ልጆች አሉኝ» አሉ። ልጅ የሌለው ማን ነበር? ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚላቸው ጠፋ፤ እሳቸውም አፍረው ከማኅበር ቀሩ። የቀረ ሰው ድርሻ ግን ቤቱ ድረስ ይላክለታል፣ ሥርዓት ነው። ስለዚህ በየወሩ በየተራ ዳቧቸውን ወስደን ደጃፋቸው ላይ እናስቀምጥና እግዜር ይስጥልኝ ሳይሉን እንፈተለካለን።

ጉዱ የመጣው ተራቸው ሲደርስ ነው። ግማሹ «ባንዳ ቤት ጽዋ አይገባም፣ ይዘለል» አለ። አባ ገብረ ሕይወት አዳመጡ፣ አዳመጡና «ማኅበሩ የሚካኤል ነው። እሱ ያልዘለለውን እኔ ማን ነኝ የምዘለው?» ብለው ጽዋውን ራሳቸው ተሸክመው ወሰዱ። ያለ እልልታ።

በወሩ ሁላችንም፣ ኮሶ እንደ ጠጣ ሰው ፊታችንን አኮማትረን፣ ከምሽጉ ሥር ካለው ቤታቸው ሄድን። እኔም ሄድኩ። እናቴ እንዳልሄድ ለምናኝ ነበር፤ ግን የአባቴን ቦታ ባዶ ላደርገው አልሆነልኝም። የአርበኛ ጎፈሬዬን ራሱን እንደሚያመው ሰው በሻሽ ጠቅልዬ ገባሁ። አያ ደምሴ ሲያዩኝ ክው አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ምን እግር ጣለህ?»

«ተራው የርስዎ ነው፤ ማኅበር መጥቼ ነዋ» አልኳቸው።

ዓይናቸው እንባ ሞላ። እጄን ይዘው ከአባ ጀርባ አስቀመጡኝ።

ዳቦው ተቆርሶ ጽዋው ሊዞር ሲል በሩ ላይ የምሽጉ አዛዥ ከአስተርጓሚውና ከወታደሮቹ ጋር ቆመ። ሰው መሰብሰቡን ሰምቶ ነው የመጣው። በዚያው ሰሞን የጎረቤት ደብር ያስቃጠለው እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የሚካኤልን ሥዕል ሲያይ ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ። አንገቱ ላይ የወርቅ መስቀል ነበረው። እሱም ክርስቲያን ነው እንግዲህ!

ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን፤ እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ሻሼ ላይ ቀረ። አገራችን ከርሞ ስለነበር ያማራ ባላገር በታቦት ከማለ እንደማይዋሽ ያውቃል። በአስተርጓሚው በኩል አያ ደምሴን «እጅህን ጽዋው ላይ አድርግ። ከዚህ ውስጥ አንድም ሽፍታ የለም ብለህ ማል» አላቸው።

እውነቱን ቢናገሩ እኔ እሰቀላለሁ። ዋሽተው ቢገኙ እሳቸው ይሰቀላሉ፣ ቤታቸውም በልጆቻቸው ላይ ይቃጠላል። ባይገኙ ደግሞ ሚካኤል አለ። እኛ ዘንድ ከጣሊያን ይልቅ የሚፈራው እሱ ነበር። በሐሰት የማለ ሰው ዘር እንደማይወጣለት ከጡት ጋር ነው የጠባነው። እኔ ልነሣ ስል አባ ጉልበቴን ተጭነው ያዙኝ።

አያ ደምሴ እጃቸውን ጽዋው ላይ አኖሩ። «እዚህ ያሉት የማኅበር ወንድሞቼ ናቸው። ሽፍታ የለም። ዋሽቼ እንደሆነ ሚካኤል ይፍረድብኝ፤ ልጆቼን አያሳድግልኝ» አሉ። ለልጆቼ ብዬ ባንዳ ሆንኩ ያሉት ሰው፣ እነዚያኑ ልጆች ጽዋው ላይ አስቀመጧቸው።

አዛዡ ረክቶ ሄደ። ጽዋው ሲዞር አያ ደምሴ ሳይቀምሱ ለጎናቸው አሳለፉት። በዚያው ወር ሹመታቸውን ትተው፣ ልጆቻቸውን ይዘው በጌሼ በኩል ጠፉ።

ነጻ ስንወጣ ተመለሱ። ልጆቻቸው ደኅና ነበሩ፤ ጎረምሶች ሆነው መጡ። ባንዳነታቸውን በአደባባይ ተናዘዙ፣ ቀኖናቸውን ፈጸሙ፣ ማኅበሩም ተቀበላቸው። ሆኖም በየወሩ በሩ አጠገብ ይቀመጡና ዳቧቸውን ይበላሉ፤ ጽዋው ሲደርሳቸው ያሳልፉታል። አንድ ቀን አባ አላስቻላቸውም።

«ደምሴ፣ ያቺ መሐላ እኮ ንስሐ አላት። ተጸጽቻለሁ በለኝና ልፍታህ፤ ጽዋህንም ጠጣ።»

«እንዴት ብዬ፣ አባ? ንስሐ የሚገባ ሰው ዳግመኛ አላደርገውም ይላል። እኔ ነገም ቢጠይቁኝ ያንኑ እምላለሁ። ለእግዜር ደግሞ ልዋሽ?» አሉ፤ ከዚያ እኔን አየት አደረጉና አንገታቸውን ደፉ።

ያን ዕለት ጽዋው ሲደርሳቸው አባም ሳይቀምሱ አሳለፉት።

እኛ፣ የቀረነው ክርስቲያኖች፣ ጠጣን።