ክሪክ እንዳይግል የተደረገ አኩሪ ተጋድሎ

በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ በወርቅ ቀለም መጻፍ ያለበት ነገር ቢኖር ክሪኮቻችን እንዳይግሉ ያደረግነው ተጋድሎ ነው። ወርቁ ስላልተገኘ እኔ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩና ያላየሁት፣ ያልሰማሁት የለም።

የአውቶቡስ ጥገና ጋራዥ ነን። መሃል ላይ አውቶቡስ የሚሸከም የብረት መድረክ አለን፤ በአራት ማዕዘኑ የቆሙ አራት ባለ ብሎን ክሪኮች ያነሱታል። ሞተሩ ብሎኑን ያዞራል፣ ብሎኑ መድረኩን ወደ ላይ ይገፋል። ብረት ከብረት ሲፋተግ ደግሞ ይግላል። ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው መካኒካችን ነው፤ እጁ ከቅባት ስለማይለይ "ግራሶ" እንለዋለን። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር ቀርቶታል።

ግራሶ ብሎኑን ይቀባል፣ አስር ደቂቃ ያሠራዋል፣ ሃያ ደቂቃ ያሳርፈዋል። ቢዘነጋ እንኳ ብሎኑ ሲግል ሞተሩን ቀጥ የምታደርግ አንዲት ትንሽ ማጥፊያ አለች። ዋና ሥራ አስኪያጃችን ግን አርቀው የሚያስቡ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ድንገት ብቅ ብለው ግራሶን በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኙት።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እያሳረፍኩት ነው ጌታዬ።"

"ማንን?"

"ክሪኩን።"

"ክሪክ ደግሞ ይደክመዋል?"

"አይደክመውም፤ ይግላል እንጂ። ሲግል ቅባቱ ይደርቃል፣ ከዚያ ብሎኑ ይነክሳል።"

"ይነክሳል!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "ጻፍ!"

ጻፍኩ። በማግስቱ ዘጠኝ አባላት ያሉት የሙቀት መከላከል ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ግራሶ አልተካተተም፤ እጁ ወንበር ያቆሽሻል ተብሎ።

ኮሚቴው ስድስት ሳምንት መከረ። በተደረገው ጥልቅ ጥናት መሠረት ክሪኮቹ ባለፈው ወር አርባ አንድ ጊዜ መጋላቸው ተረጋገጠ። በምን ታወቀ? ማጥፊያዋ አርባ አንድ ጊዜ ስላጠፋች። ይሄኔ የዕቅድ ክፍል ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ለትውልድ የሚተርፍ ጥያቄ ጠየቀች፤ "ማጥፊያዋ ባትኖርስ ኖሮ ስንት ጊዜ ይመዘገብ ነበር?" እርስ በርስ ተያየን። ዜሮ! ጭብጨባው መስኮቱን አነቃነቀው። ማጥፊያዋ በዚያው ቀን ተነቀለች፣ ሙቀትም በአንድ ጀምበር ከአርባ አንድ ወደ ዜሮ ወረደ። እንዲህ ያለ ውጤት የትም አልተመዘገበም፤ ተመዝግቦ ቢሆን እንሰማ ነበር።

ግራሶ ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። "ኧረ በፈጠራችሁ! ቴርሞሜትሩን ሰብራችሁ በሽተኛው ዳነ ትሉኛላችሁ?"

ይህ አነጋገሩ "ለለውጥ እንቅፋት የሆነ አመለካከት" ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። እሱ ግን ክሪኩን ማሳረፉን አልተወም። ሦስት ጊዜ በርጩማው ላይ ተያዘ፤ በአራተኛው የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። ሠላሳ ዓመት የለፋባት ጡረታው ጥቂት ወር ሲቀራት አፈር ልትበላ ነው። አንጀቴን በላኝ፣ አልዋሽም። ደብዳቤውን የተየብኩት ግን እኔ ነኝ፤ አንድ የፊደል ግድፈት የለበትም።

ስንብቱ የሚጸናው ውጤታችን ለእንግዶች በሚበሰርበት ዕለት፣ ልክ በስምንት ሰዓት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸውን እዚያው አውቶቡስ ማንሻው መድረክ ላይ ቆመው፣ ከፍ፣ ከፍ እያሉ ሊያሰሙ ወሰኑ። ለልምምድ ብለው ከጠዋት ጀምሮ አስራ አንድ ጊዜ ወጡ፣ አስራ አንድ ጊዜ ወረዱ። ክሪኩን የሚያሳርፈው ሰው ያን ጊዜ ዕቃውን እየሸከፈ ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ እንግዶቹ ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

"ክቡራን እንግዶች! ከእንግዲህ ሙቀት በዚህ ቤት ተረት ሆኗል!" አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ መድረኩም ተነሳ። አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር፣ ሦስት ሜትር። የተቃጠለ ቅባት ሸተተን። ሲጥጥ አለና አራቱም ክሪኮች ቀጥ አሉ። ሥራ አስኪያጃችን ከጣሪያው አምፖል ጎን ተንጠልጥለው ቀሩ።

"አውርዱኝ እንጂ!"

"ነክሷል ጌታዬ። መሰላል ላምጣ?" አልኩ።

"በእንግዳ ፊት በመሰላል የሚወርድ ሥራ አስኪያጅ የት አይተሃል? ሂድ ግራሶን ጥራ!"

ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከግቢው ሊወጣ ሲል ደረስኩበት። መጣና አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ።

"አንተ፣ ምን ይሻላል?" አሉት ከላይ።

"እኔ ምኑን አውቄ ጌታዬ፤ ከስምንት ሰዓት ወዲህ የዚህ ቤት ሰው አይደለሁም። የውጭ ሰው ማሽን እንዳይነካ ብለው ለጥፈው የለ?"

እውነቱን ነው፤ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሥራ አስኪያጁ የንግግራቸውን ወረቀት ገልብጠው "ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሥራው ተመልሷል" ብለው ጻፉ። ከኪሳቸው የማይለየውን ማህተም አወጡና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው መቱት፣ ከዚያ ቁልቁል ለቀቁት። ግራሶ ሁለቴ አነበበው። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው፣ ሞተሩን አጠፋ፣ በርጩማውን ሳብ አድርጎ ቁጭ አለ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"እያሳረፍኩት ነዋ!"

ሦስት ሰዓት ፈጀ። እንግዶቹ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ሄዱ። አመሻሹ ላይ ብሎኑ በረደ፣ ግራሶ አጽድቶ ቀባው፣ ሥራ አስኪያጃችንም ከነሙሉ ክብራቸው መሬት ረገጡ።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። በመዝገባችን መሠረት ክሪኮቹ ስላልጋሉ፣ ዜሮው ባለበት እንዲቀጥል ተወሰነ። ለሥራ አስኪያጁ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈ፤ "ያልጋለው ማሽን እስኪበርድ ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ለአፍታ እንኳ ሳይወርዱ በግንባር ላደረጉት ክትትል" ይላል። ለግራሶም ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ ያንኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለተገኘ።

ደብዳቤውን ሳደርሰው ተቀብሎ እጁን ጠረገበት። "ጡረታዬ ግን አለች አይደል?"

"አለች ጋሼ። በርጩማዋ ናት የተወረሰችው።"

አሁን ቆሞ ነው የሚያሳርፈው።