ናንዶ ያልጮኸበት ጠዋት

የውሻ ሥራ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቃችሁ አብዛኞቻችሁ ሳታስቡ መጮህ ነው ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው ያደግሁት። እኛ ሰፈር በር ሲንኳኳ ዝም የሚል ውሻ በከንቱ የሚበላ ይባላል እንጂ ጨዋ አይባልም። እዚህ ስዊዘርላንድ ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። እዚህ ውሻ ትራም ይሳፈራል፣ ምግብ ቤት ጠረጴዛ ሥር ይተኛል፣ ትምህርት ቤት ገብቶ ይማራል። ከሚማራቸው ነገሮች ዋነኛው ደግሞ አለመጮህ ነው። የሚጮህ ውሻ ከጎረቤት ክስ ይመጣበታል። ከእኛ ጋር ይመሳሰላል ብል አትታዘቡኝ፤ እኛም ስንመጣ መጀመሪያ የተማርነው ድምፃችንን መቀነስ ነው።

እኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ከወጡት አንዷ ነኝ። ከዙሪክ በባቡር ብዙ በማትርቀው በኡስተር ከተማ ብቻዬን እኖራለሁ፤ የምሠራው እዚህ ኪታ በሚሉት የሕፃናት ማቆያ ነው። ናንዶ ደግሞ ከሩማንያ ጎዳና ተለቅሞ የመጣ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ ቡናማ ውሻ ነው። የከተማችን የእንስሳት መጠለያ ሞልቶ ስለነበር ለጊዜው ብቻ ያዢልን አሉኝ። ይቺን “ለጊዜው” የምትባል ቃል ስደተኛ ሁሉ ያውቃታል። እኔም እዚህ አገር የተቀመጥኩት ለጊዜው ብዬ ነበር።

ከእኔ ጋር ሲሆን ረጋ ያለ ነው። ሌላ ሰው ሲያይ ግን ፀጉሩ ይቆማል፣ ገመዱ እስኪበጠስ ይወረወራል፣ እስኪያልበው ይጮሃል። የመጠለያዋ ኃላፊ ፍራው ኬለር፣ “ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ሰው ሳይቀድመኝ ልቅደም ነው የሚለው” አለችኝ። እንግዳ መቀበል ከለመደ ለዘለቄታው የራሴ ላደርገው እችላለሁ፤ ካልለመደ ወደ መጠለያው ይመለሳል። “ከዚያስ?” አልኳት። የተቀደደውን ጆሮውን አሻሸችው። ገባኝ።

እንግዳ ሲመጣ የሚጠበቀውን ሕግም ነገረችኝ። ውሻውን ዓይን ለዓይን አትዩት። አታናግሩት። እጅ አትዘርጉ። ፊት ለፊት አትምጡበት፤ ጎን ሰጥታችሁ በዝግታ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ዝም በሉ። እስቲ ይህን ለሐበሻ አስረዱ። ዓይን ሳያይ፣ እጅ ሳይዘረጋ፣ ጉንጭ ሳይስም፣ የዘመድ አዝማዱን ደኅንነት ሳይጠይቅ ሰው ቤት የሚገባ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እኔ አላየሁም። የማኅበራችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ሕጉን በጥሞና አዳምጠው ሲያበቁ፣ በሩ ሲከፈት “እንዴት ነሽ ልጄ!” ብለው እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው ገቡ። ናንዶ የካፖርታቸውን ጫፍ ይዞ አልለቅም አለ። “ደርግን አምልጬ በውሻ አልሞትም” ብለው የቀረውን ወሬያችንን ከደረጃው ላይ ሆነው ጨረሱት። ወሎዬዋ ጓደኛዬ ዘሀራ፣ “የኔ እህት፣ እሱ ከላሰኝ መታጠቤ፣ ልብሴንም መቀየሬ ነው። እወድሻለሁ፤ ግን ከመስኮት” አለችኝ። ጄኔቫ፣ “ለ ሊኞን” በሚባለው ሰፈር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሰናይት ደግሞ በስልክ፣ “አንቺ፣ ይሄ ውሻ ባል ቢሆን እስካሁን ፈትተሽው ነበር” ብላ ሳቀችብኝ።

ከናንዶ ጎን የቆመው አባቴ ብቻ ነው። የስደተኛ ወረቀቴ አገር ቤት መግባት ስለማይፈቅድልኝ አባቴ ለእኔ ድምፅ ብቻ ከሆነ ቆይቷል። ስለ ውሻው ሳማርርለት፣

“ይጮሃል?” አለኝ።

“ይጮሃል አባዬ። ችግሩ እሱ ነው።”

“ታዲያ ምን ጎደለው?”

እየሳቅን ሳለ ፖስተኛው ደወለ፤ ናንዶም ቤቱን በጩኸት ሞላው። “ሂጂ ክፈችለት፤ ነገ ትደውያለሽ” አለኝ። ዘጋሁ። በነጋታው ሥራ በዛብኝ።

በዚያው ሰሞን ፍራው ኬለር በሚቀጥለው ሳምንት መጥታ እንደምትወስን አስታወቀችኝ። ለወዳጆቼ ሁሉ በድምፅ መልእክት ለመንኩ፤ አንዴ ብቻ ኑልኝ፣ አንዴ ብቻ ሕጉን ጠብቁልኝ፣ አለዚያ ይወስዱብኛል አልኩ። ሁሉም እንዳዳመጡት ስልኩ ያሳያል። ማንም አልመለሰልኝም። ጋሽ መኮንን እንኳ፣ ጠዋት ጠዋት የቅዱሳን ሥዕል መላክ የማይሰለቻቸው ሰውዬ፣ ድምፃቸው ጠፋ። በውሻ ምክንያት ሰው የጠላኝ መሰለኝ። እኔም በሆዴ ሁሉንም ተቀየምኩ።

በኋላ ዘሀራ ደወለች። “ነገ ጠዋት ሥራ ሳትሄጂ እንመጣለን” አለች። ደስታዬን አልቻልኩትም። ሕጉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገምኩላት። “እሺ” አለችና ዘጋች። ዘሀራ እሺ ብቻ ብላ ስልክ ዘግታ አታውቅም። እናንተ እዚህ ላይ ነቅታችኋል። እኔ አልነቃሁም።

ጠዋት በሩን ስከፍት ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ዘሀራ፣ ከእሷ ኋላ ሰናይት። ሰናይት በሥራ ቀን ለውሻዬ ብላ ከጄኔቫ ድረስ መጣች ብዬ ልቤ ተነካ። ማንም ዓይን ለዓይን አላየም። ማንም እጁን አልዘረጋም። ግድግዳውን ተጠግተው፣ ጎን ሰጥተው፣ አንድ በአንድ ገብተው ተቀመጡ። ናንዶ ከጉሮሮው አንዴ አጉረመረመ። የሚያየው ሰው አጣ። የጋሽ መኮንንን ጫማ አሸተተ፣ ዞረ፣ ከዚያ አገጩን ዘሀራ እግር ላይ ጣል አድርጎ ተኛ። ዘሀራ እግሯን አላነሳችም።

“ጎበዞች” አልኩ፤ “አያችሁ፣ ስትፈልጉ ትችላላችሁ።” ይህን ስጽፍ እጄ ያፍራል። ለፍራው ኬለር ላሳያት ብዬ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ የቆምኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። በደንብ ያየኋቸው በስልኩ መስታወት ውስጥ ነው። የሰናይት ልብስ ጥቁር ነበር።

“ልጄ፣ ስልኩን አስቀምጪው” አሉኝ ጋሽ መኮንን።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። አባቴ ካረፈ ሰንብቶ ነበር፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው እስኪሰበሰብ ተጠብቆ ነው። በዚያ ጠዋት ቤቱ ውስጥ የጮህኩት እኔ ነኝ። ናንዶ ዝም አለ። ከጎረቤትም የከሰሰኝ የለም።

ፍራው ኬለር የመጣችው ለቅሶ ቤት ላይ ነው። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ አንገቱን የደፋ ሰው ሁሉ ናንዶን አልፎ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ሰው እንዴት እንዳሠለጠንኩት ጠየቀችኝ። እኔ አይደለሁም አልኳት። ቪዲዮውን አላሳየኋትም፤ እስከ ዛሬም አልሰረዝኩትም። ናንዶ የእኔ ሆነ።

ወራት ካለፉ በኋላ ዘሀራን፣ ያን ቀን ሕጉን እንዴት እንደዚያ አጠናችሁት ብዬ ጠየቅኋት።

“የምን ሕግ?” አለችኝ። “ዓይንሽን ማየት አቅቶን እኮ ነው።”

“እግርሽ ላይ ሲተኛስ?”

“በዚያ ሰዓት እግሬ መኖሩንስ መች አወቅሁ? ቤቴ ገብቼ ታጠብኩ።”

አሁን ሐዘኑ ወጥቷል፤ እንግዶቼም ወደ ልማዳቸው ተመልሰዋል። ጋሽ መኮንን እጃቸውን ዘርግተው ይመጣሉ፣ ናንዶ ይወረወራል፣ የታችኛዋ ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ትመታለች። ፍራው ኬለር ያዘዘችውን ልምምድ እንሠራለን፤ ትንሽ ተሻሽሏል። እውነቱን ከነገርኳችሁ ግን እኔ በልምምዱ ሰነፍ ነኝ። ደወል ሲደወል በሩን ከመክፈቴ በፊት ቆሜ አዳምጣለሁ። ከጮኸ፣ የመጣው ሰው ዓይኔን ሊያየኝ የሚችል ሰው ነው።

“ይሄ ውሻ ዛሬም ይጮሃል?” ይሉኛል ጋሽ መኮንን ከደረጃው ላይ።

“ይጮሃል” እላቸዋለሁ። የአባቴን መልስ ለራሴ አስቀርቼ፣ በሩን እከፍታለሁ።