የጓድ አመዩ ትከሻና የሰፊው ሕዝብ ሰደፍ

የአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በኃላፊው ትከሻ ላይ መዋል አለበት የሚል መመሪያ እስካሁን በጽሑፍ አልወጣም። እኛ ግን ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማችን፣ በ1973 ዓ.ም. ክረምት፣ መመሪያ ሳንጠብቅ በአለቃችን ትከሻ ላይ ብቻ ስንሠራ ከርመናል። የወረዳው መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ስለነበርኩ የምናገረው ሁሉ በፋይል የተደገፈ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከበላይ አካል በመጣ ደብዳቤ ነው። ለአብዮት በዓል አምቦ ላይ የተኩስ ውድድር ስለሚደረግ፣ ወደ ሰማይ የተወረወረ የሸክላ ሳህን አየር ላይ እንዳለ መትቶ የሚሰብር ተወዳዳሪ ከየወረዳው ይላክ ይላል። ሌሎቹ ወረዳዎች ደነገጡ። እኛ ኮራን፤ ከአንድ የቀድሞ ባላባት የተወረሰ ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበረን። ተወዳዳሪ ለመምረጥ የተጠራው ስብሰባም ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ኃላፊያችን ጓድ አመዩ ራሳቸውን ጠቆሙ፣ ራሳቸው ደገፉ፣ እኛ አጨበጨብን።

ጓድ አመዩ ንቁ ሰው ነበሩ። ቁመታቸው በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ ስላዘዙ አልጽፈውም። ባላባቱ ግን በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር፤ ሰደፉንም በገዛ ክንዱ ልክ አሠርቶታል። ስለዚህ ጓድ አመዩ ሲያነጣጥሩ ሰደፉ ትከሻቸው ላይ በወጉ አይቀመጥም፤ ጫፉ ላይ፣ አጥንቱ ላይ ያርፋል። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ጊዜ ተኮሱ። ሃያውም ሸክላ መሬት ወርዶ በራሱ ጊዜ ተሰበረ። በማግስቱ ቀኝ እጃቸው እስክሪብቶ ማንሳት አቃተው።

ጤና ረዳቷ ድንቅቱ ጠቁሮ ያበጠውን ትከሻ አየችና «ሁለት ሳምንት አይተኩሱ» አለቻቸው።

«አብዮቱ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም።»

«እንግዲያው ሰደፉን ትከሻዎ ላይ አጥብቀው ይያዙት። ክፍተት ሲያገኝ ነው የሚመታዎት።»

ምክሩ ለጥናት ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ክፍተቱ በጥጥ ይሞላ ብሎ ወሰነና ኮታቸው ሥር ጥጥ ተጠቀጠቀ። ጥጡ በወፈረ ቁጥር ጠመንጃው ከእጃቸው ይበልጥ ራቀ፤ በራቀ ቁጥር ይበልጥ መታቸው። ኮሚቴው ውጤቱን ገምግሞ ጥጡ እንዳነሰ ደረሰበት።

በመጨረሻ አናጺው ኦቦ ፈዬራ ተጠሩ። የቤታቸውን ጣራ ለማደስ ግማሹን ቆርቆሮ አንስተው ነበር፤ ከመሰላል ወርደው መጡ። ጠመንጃውን አገላበጡ፤ የጓድ አመዩን ክንድ በዓይናቸው ለኩ።

«ከሰደፉ ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ፣ ጫፉ ላይ ከአሮጌ ጎማ ብለጥፍበት ያልቃል» አሉ። «ለሌላ ሰው ልክ የተሠራ ነው። ለእርስዎ ይረዝማል።»

የተሰበሰብነው ሁሉ ወደ ጓድ አመዩ ዞርን።

«ለእኔ ይረዝማል ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ጓድ አመዩ።

«እንግዲህ፣ እጅዎ አጠር ይላል።»

«የባላባቱስ?»

«ኤዬ፣ የእሳቸው በጣም ረጅም ነበር።»

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ ግለሰቡ የሰፊውን ሕዝብ ንብረት በሁለት ጣት ለማሳነስ ሞክሯል፤ የወደቀውንም ሥርዓት ከአብዮቱ አስረዝሟል። ኦቦ ፈዬራ በዚያው ቀን ግቢያችን ውስጥ ባለው የእህል መጋዘን ታሰሩ። ለማሰር የጓድ አመዩ ቃል ይበቃል። ለመፍታት ግን፣ ራሳቸው ባወጡት መመሪያ መሠረት፣ ማንም ይሁን ማን ያለ እሳቸው ፊርማ አይወጣም።

በማግስቱ የኦቦ ፈዬራ ሚስት ኡርጌ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ቢሮዬ መጣች። ሦስት ልጆቿን ጣራው ባልተነሳው ጓዳ አስጠግታ ነው የመጣችው።

«ባሌ መቼ ይፈታል?»

«ጓድ አመዩ ሲፈርሙ።»

«መቼ ይፈርማሉ?»

«ትከሻቸው ሲድን።»

«መቼ ይድናል?»

«ጠመንጃው ሲስተካከልላቸው።»

«ማን ያስተካክለዋል?»

መልሱን አውቀው ነበር፤ ግን ከሥልጣኔ በላይ ሆነብኝ።

ኡርጌ አልተቀየመችኝም። በቀጥታ ጓድ አመዩ ዘንድ ገባችና «ጠመንጃውን ይዘው መጋዘኑ ድረስ ይሂዱ። መጋዝም ጎማም አመጣለሁ። ማንም አያይም» አለቻቸው። ውድድሩ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበርና ሐሳቡ «የመስክ ጉብኝት» ተብሎ ጸደቀ።

ጓድ አመዩ መጋዘኑ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ፈዬራ የጓድ አመዩን ክንድ ከክርን እስከ ጣት ለኩ፣ ሰደፉን ቆረጡ፣ ጎማውን ለጠፉ።

«አሁን ያንሱት።»

ሰደፉ ትከሻቸው ላይ ልክ ገባ። ጓድ አመዩ ከብዙ ቀን በኋላ ፈገግ አሉ። ከዚያ ለመውጣት ከውጭ የተቆለፈውን በር አንኳኩ።

በዚህ መሐል ዘበኛ ተቀይሮ ነጋሳ ገብቷል። መመሪያ ቃል በቃል የሚያከብር፣ ለዚህም የተሸለመ ሰው ነው።

«ክፈት፣ እኔ ነኝ።»

«አውቄዎታለሁ ጓድ። ፊርማዎን ግን አላየሁም።»

ጓድ አመዩ ወረቀት አስመጥተው በግራ እጃቸው ፈረሙ። ነጋሳ ከፋይሉ ናሙና ጋር አስተያየው።

«ይሄ የእርስዎ አይደለም።»

«በግራ እጄ ነው የፈረምኩት።»

«መመሪያው ስለ ግራ እጅ አይናገርም።»

ምክትላቸው ተጠርቶ መጣ። መፈረም ቢችል ደስታው መሆኑን፣ መመሪያው ግን እንደማይፈቅድለት በሐዘን ገለጸ። ከዚያ ሄዶ ወንበራቸው ላይ ተቀመጠ፤ ለጊዜው። እስረኛ መሣሪያ ስለማይዝ ጠመንጃውንም በመስኮት ተረከበ። አምቦ ሄዶ ወረዳውን ወከለ። ረጅም ሰው ስለነበር ሰደፉ አጠረውና በመጀመሪያው ተኩስ የገዛ አውራ ጣቱ አፍንጫውን አደማው።

ጓድ አመዩ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተኮሱም። በዐሥራ አምስተኛው ቀን እጃቸው እስክሪብቶ ጨበጠ። ያን ጠዋት ኡርጌ ቢሮዬ መጥታ ከታይፑ ፊት ቆመች።

«አንድ ወረቀት ጻፍልኝ» አለች። «ሁለት ወረቀት ከሆነ አንዱን ይረሱታል።»

ጻፍኩ። «ከዚህ በታች ስማቸው የተዘረዘረው እንዲፈቱ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ፈዬራ። ተራ ቁጥር ሁለት፣ ጓድ አመዩ።» ጓድ አመዩ ወረቀቱን አነበቡ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል ረጅም ጊዜ አዩኝ፣ ፈረሙ።

ነጋሳ ፊርማውን መስመር በመስመር መረመረ። ከዚያ በሩን ከፍቶ ቁጥር አንድን ጠራ። ኦቦ ፈዬራ ወጡ። ኡርጌ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጣራቸው ወሰደቻቸው።

ጓድ አመዩ ኮታቸውን አራግፈው ወደ በሩ ቀረቡ። ነጋሳ ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሰዓት ሆኗል። በሩን መልሶ ቆለፈ።

«ቁጥር ሁለት» አለ በአክብሮት፣ «ከምሳ በኋላ ይስተናገዳል።»