ለናቲ የወረደው በረዶ

ተከላካያቸው ናቲ ተንሸራቶ በጀርባው ተዘርሯል፣ በረኛቸው ወጥቶ ቀርቷል፣ ኳሷ እግሬ ሥር ናት። የቀረኝ መግፋት ብቻ ነው። ልክ በዚህ ሰዓት ከሜዳው ዳር የናቲ እናት እትዬ ጽጌ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን» ሲሉ ሰማኋቸው። የሜልበርንን ሰማይ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ቃሉን አይጠብቅም። ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል በረዶ ሰፈራችን አስኮት ቬል ላይ ዘረገፈው። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ሮጠ፤ ጨዋታው ቀረ፤ ናቲም ቁምጣውን አራግፎ ተነሣ።

ቀናሁ። ምን ይዋሻል?

የቸርቻችን ልጅ፣ ልቤን የወሰደችው ሜሮን፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥንት ግሪኮችን የጦርነት ግጥም ትማራለች። እኔ ከትምህርት ቤት ጋር በጊዜ የተለያየሁ ሰው ብሆንም፣ ወሬዋ እንዳያመልጠኝ ብዬ ዴሊቨሪ ስነዳ በስልኬ አዳመጥኩት። ሰዎቹ በአንዲት ሴት ይተላለቃሉ፤ አማልክቱ ተራራ ላይ ተቀምጠው ቲፎዞ ናቸው። ቲፎዞነት ብቻ ቢሆን ምናለበት! ወደ ወዳጃቸው የተወረወረውን ጦር በእጃቸው ያጣምሙታል፤ ሊሸነፍ ሲል ደግሞ በጉም ሸፍነው መኝታ ቤቱ ያደርሱታል። አሸናፊው ጦሩን ይዞ ሜዳ ለሜዳ ሲፈልገው ይውላል። ያ የሚዞረው ሰውዬ አሳዘነኝ።

እኛ ጴንጤዎች አማልክት የሉንም። እናቶች ግን አሉን።

እትዬ ጽጌ ባለፈው ሳምንት በሴቶች ጸሎት ላይ ተነሥተው፣ ሜሮን ነጭ ለብሳ ከናቲያቸው ጎን ቆማ በሕልም እንዳዩዋት መሰከሩ። በእኛ ቸርች እንዲህ ያለ ሕልም ከተነገረ ወንድ ሁሉ ከልጅቱ ሁለት ወንበር ፈቀቅ ብሎ ነው የሚቀመጠው፤ ማን ከጌታ ጋር ይጋፋል? ነገ እሁድ ሽማግሌ ይላካል ተብሏል። የእኔ እናት ናይት ሺፍት ናት፤ ቀን ተኝታ ያየችውን ሕልም ማን ይቆጥርላታል? ቢጨንቀኝ «እማ፣ አንዴ አልሚልኝ» ብዬ ለመንኳት። እኔ የማልመው እንቅልፍ ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከበረዶው ሸሽተን አንዲት ጠባብ ዳስ ሥር ተፋፍገናል። ሜሮን ሳሩ ላይ የጣልኩትን ጃኬቴን ደርባ አጠገቤ ቆማለች፤ እኔ የማየው ግን እትዬ ጽጌ በነጠላቸው የናቲን ፀጉር ሲያደርቁለት ነው። አንድ ሰው ስንት ነገር ይሰጠዋል? ሰማይም እናትም ነጠላም? አፌ ቀደመኝና ሜሮንን፣ እናቴም እኮ አይታሻለች አልኳት። በሕልሟ። ነጭ ለብሰሽ። የግሪኮቹ አማልክት እንኳ ሲያታልሉ ከዚህ የተሻለ ይለፋሉ።

ሜሮን ስትናደድ እንግሊዝኛዋ ነው የሚመጣው። አሁን ግን የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቷ ዘጋች፣ ፀጉሯ ላይ የቀረውን በረዶ አራገፈች፣ እና ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

«የእሱ እናት በሕልማቸው አዩኝ። ያንተም እናት በሕልማቸው አዩኝ። አንተ ግን በዓይንህ የምታየኝ መቼ ነው?»